መኪናው በባትሪ፣ ማጥፊያው በዱቄት

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ ሀገር እንደማይገቡ ባስታወቁ ጊዜ፣ የተነሣው ክርክር ስለ ዋጋ፣ ስለ መለዋወጫና ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ነበር። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እስካሁንም አላለቀም። ከውሳኔው ወዲህ የአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ሚኒባሱና አውቶቡሱም ወደ ባትሪ መዞር ጀምሯል። ከሹፌሩ ወንበር ሥር የምትቀመጠው ትንሿ ቀይ ሲሊንደር ግን ያችው የድሮዋ ናት። ውስጧ ያለው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ዱቄት ለቤንዚንና ለናፍጣ እሳት የታሰበ ነው። መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብም የሚታየው መኖሯ ነው፤ ምን እንደያዘች የሚጠይቅ የለም።

እሳት ማጥፊያዎች ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ሥራቸውም አንድ ይመስለናል። በየሆዳቸው ያለው ኬሚካል ግን እሳቱን የሚመታበት ቦታ ለየቅል ነው። አንዱ ሙቀቱን ይቀማል፣ ሌላው አየሩን ይከለክላል፣ ሌላው ደግሞ ነበልባሉ ውስጥ ገብቶ ኬሚካላዊውን ሰንሰለት ይበጥሳል። የዘርፉን ታሪክ ላገላበጠ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል፦ መጀመሪያ የሚቃጠለው ነገር ይለወጣል፣ ማጥፊያው ከዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ይከተላል። እኛም ዛሬ የቆምነው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት ነበልባል ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እንጨት ሲነድ ነበልባሉን የሚሠራው ጠጣሩ እንጨት አይደለም፤ ሙቀቱ ከእንጨቱ ፈልቅቆ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ቤንዚንም እንዲሁ የሚነደው ተንኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። በዚያ ጋዝ ውስጥ ራዲካል የሚባሉ፣ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያላቸውና ያገኙትን ሁሉ የሚነጥቁ ቅንጣቶች አሉ። አንድ የሃይድሮጂን አቶም ከኦክስጅን ጋር ሲጋጭ ሁለት አዳዲስ ራዲካሎች ይወለዳሉ፤ እነዚያም ሌሎችን ይወልዳሉ። ነበልባል በአንድ አፍታ የሚስፋፋው በዚህ ርቢ ነው። ስለዚህ እሳት እንዲቀጥል አራት ነገር ይፈልጋል፦ የሚነድ ነገር፣ ሙቀት፣ ኦክስጅንና ይህ ያልተቋረጠ ሰንሰለት። ከአራቱ አንዱን የነሣው ያጠፋዋል። ከባዱ ጥያቄ ለየትኛው እሳት የትኛውን መንሣት ይቻላል የሚለው ነው።

ውሃ ሙቀቱን ነው የሚነሣው። በዚህ ረገድ ተራ የሚመስለው ውሃ እስካሁን አቻ አልተገኘለትም ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተነሥቶ እስከሚፈላ 335 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ተጨማሪ 2,257 ኪሎጁል ይጠጣል። ትልቁ ሥራ የሚሠራው በመፍላቱ ሳይሆን በመትነኑ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ለዚህም ነው በጭጋግ መልክ የሚረጭ ውሃ በአንድ ወፍራም ጅረት ከሚለቀቀው ይልቅ ሙቀት የሚቀማው። እንፋሎቱም ከመጀመሪያው ውሃ 1,700 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ አየሩን ከእሳቱ ዙሪያ ይገፋል። ጨርቅ፣ ወረቀት፣ እንጨት፣ ፍራሽ ሲቃጠል ፍሙ ውስጥ ድረስ ዘልቆ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እንደደረሰው ባለ ቃጠሎ፣ ተደራርቦ የተከመረ ሸቀጥ ሲነድ፣ ከውሃ ሌላ ተስፋ የሚጣልበት ነገር የለም።

ውሃ ግን የማይገባበት ቦታ አለ። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል በላዩ እየተንሳፈፈ እሳቱን ይዞ ይፈስሳል። የጋለ የምግብ ዘይት ላይ ሲደፋ ደግሞ ወደ ታች ይሰምጣል፣ በቅጽበት ይተንናል፣ የሚነደውን ዘይት እስከ ጣሪያ ይረጨዋል። በመብራት የሚሠራ ነገር ላይ ኤሌክትሪኩን ወደ ያዘው ሰው ሊያመጣ ይችላል። የሌሎቹ ኬሚካሎች ታሪክ የሚጀምረው እነዚህን የውሃ ጉድለቶች ለመሸፈን ነው።

ከሁሉም በብዛት የምናገኘው ዱቄቱ ነው። ሲሊንደሩ ላይ የእሳት ዓይነቶችን የሚያመለክቱት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ፊደሎች የሚጻፉበት ዱቄት በአብዛኛው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ሲሆን፣ በቅርብ ዘመዱ በማዳበሪያ በኩል ገበሬው ሳይቀር ያውቀዋል። ይህ ጨው ሁለት ሥራ ይሠራል። በጣም የላመው ቅንጣት ወደ ነበልባሉ ሲገባ ራዲካሎቹ በላዩና በሚለቀው ትነት ውስጥ እየተያያዙ ይከስማሉ፤ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ነበልባሉም ዓይን እያየው ይጠፋል። ሁለተኛው ሥራ በጠጣር ነገር ላይ ነው። ዱቄቱ 190 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ አሞኒያ ይለቃል፣ የቀረው ፎስፌት እንደ መስታወት የሚያጣብቅ ሽፋን ሆኖ የእንጨቱን ወይም የጨርቁን ፍም ከአየር ይለያል።

ቢና ሲ ብቻ የሚባለው ዱቄት ሌላ ነው። እሱ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ለዳቦና ለኬክ የምንጠቀምበት ሶዳ፣ ወይም ፖታሲየም ባይካርቦኔት ነው። ፖታሲየሙን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ አዳበረው፤ ከሶዲየሙ ተለይቶ እንዲታወቅም ሐምራዊ ቀለም ተሰጠው። በነዳጅ እሳት ላይ ከሶዲየሙ በግልጽ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በእሳቱ ሙቀት ከጨው የሚላቀቀው ፖታሲየም ራዲካሎችን በማጥመድ ከሶዲየም የተሻለ ነው። በፍም ላይ ግን ሁለቱም የሚተዉት ሽፋን ስለሌለ እሳቱ ተመልሶ ይነሣል።

እዚህ ላይ ማጥፊያ የሚሞሉ ሱቆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ፎስፌቱ አሲድነት አለው፤ ባይካርቦኔቱ ተቃራኒው ነው። ሁለቱ በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ተቀላቅለው ጥቂት እርጥበት ካገኛቸው እርስ በርስ ይሠራራሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ዱቄቱ ይጓጉላል። የቀድሞውን ዱቄት ጠርጎ ሳያወጡ በላዩ ሌላ መሙላት ስለዚህ ቀላል ግዴለሽነት አይደለም።

ጌጁም ያታልላል። ቀስቱ አረንጓዴው ላይ ነው ማለት ዱቄቱን የሚገፋው ናይትሮጅን በቂ ግፊት አለው ማለት ብቻ ነው። ስለ ዱቄቱ ምንም አይናገርም። መኪና ውስጥ ለዓመታት በኮረኮንች መንገድ የተንገጫገጨ ዱቄት ወደ ታች ይወርዳል፣ ይጠቀጠቃል፣ አንዳንዴም እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ያን ጊዜ እጀታው ሲጨመቅ ናይትሮጅኑ ብቻ ፉት ብሎ ይወጣና ዱቄቱ እዚያው ይቀራል። ዱቄቱ እንዳይጓጉል አምራቾች በሲሊኮን ይለብጡታል፤ ያም ሆኖ በየጊዜው ሲሊንደሩን ገልብጦ መነቅነቅ፣ በባለሙያም ማስፈተሽ ያስፈልጋል። በምርመራ ላይ ጌጅ ብቻ እየታየ የሚታለፍ ከሆነ የምናረጋግጠው የናይትሮጅኑን ደኅንነት ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘው ሲሊንደር ጭራሹን ጌጅ የለውም፤ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በመመዘን ነው። ምክንያቱ ውስጡ ያለው ፈሳሽ መሆኑ ነው። በ20 ዲግሪ ግፊቱ 57 ባር ያህል ሲሆን፣ ፈሳሹ ቢጎድልም ጥቂት እስከቀረ ድረስ ግፊቱ አይለወጥም። ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ፈሳሽ መሆኑ ያበቃል፣ ግፊቱም በፍጥነት ይንራል። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የተሰቀለና ሰመራ ወይም ጋምቤላ ፀሐይ ላይ የቆመ ሲሊንደር አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም፤ የኋለኛው ጥላ ይፈልጋል። ሲለቀቅ አየሩን አቅጥኖ እሳቱን ያፍናል፣ ዝቃጭ አይተውም፤ ለኮምፒውተርና ለመብራት ሳጥን ተመራጭ የሆነው ለዚህ ነው። ነገር ግን ብዙ ይፈልጋል። ዝግ ክፍል ውስጥ እሳት ለማፈን ከአየሩ ሲሶ የሚያህለውን መያዝ አለበት፤ ሰው ደግሞ ከአሥር በመቶ በላይ በሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ በደቂቃዎች ራሱን ይስታል። ጋዙ ሲበተን የጋለው ነገር ገና ካልቀዘቀዘ እሳቱ ይመለሳል። ማግኒዚየምን የመሰለ ብረት ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ራሱን ሰብሮ ኦክስጅኑን ይወስዳል፤ ከማጥፋት ይልቅ ያቀጣጥለዋል።

የወጥ ቤቱ እሳት የሚቃጠለው ነገር ሲለወጥ ማጥፊያው እንዴት ወደ ኋላ እንደሚቀር ያሳያል። በአሜሪካና በአውሮፓ ምግብ ቤቶች የሚጠበሰው በእንስሳ ስብ በነበረበት ዘመን የሶዳ ዱቄት ይበቃ ነበር፤ ሶዳው ከስቡ ጋር ተዋሕዶ ሳሙና ይሆንና በላዩ ይጋገራል። ቆይቶ የአትክልት ዘይት መጣ፤ ሙቀት አምቀው የሚይዙ መጥበሻዎችም መጡ። የአትክልት ዘይት የሚቀጣጠለው በከፍተኛ ሙቀት፣ 360 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ አንዴ ከተቀጣጠለ በኋላ በዱቄት ቢጠፋም ዘይቱ ስለማይበርድ ራሱ መልሶ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የወጥ ቤት ማጥፊያ መፈተኛ መስፈርቱ እስከሚለወጥ ድረስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥርዓት ከወጥ ቤት ለወጣው ለድሮው ስብ የተሠራ ነበር። አዲሱ መልስ በውሃ የተሟሟ ፖታሲየም አሲቴት ወይም ካርቦኔት ነው። በጭጋግ መልክ ይረጫል፤ ውሃው ያቀዘቅዛል፣ ፖታሲየሙ ከዘይቱ ጋር ሳሙና ሠርቶ ወፍራም አረፋ ያለብሰዋል። ይህ ማጥፊያ ብዙ ጥብስ በሚጠበስባቸው ሆቴሎቻችንና ሳምቡሳ ቤቶቻችን ሊኖር ይገባል። በቤት ግን ምድጃውን ማጥፋትና ድስቱን በክዳን መድፈን ይበቃል፤ ውሃ ብቻ አይጠጋው።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ እንለፍ፤ ማጥፊያው ራሱ ጉዳት ሆኖ ወደተገኘበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓይሪን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመኪና የሚያዝ አነስተኛ ማጥፊያ አወጣ። ውስጡ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ነበር። እሳት ያጠፋል፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ጉበትን የሚጎዳ መርዝ መሆኑና በጋለ ብረት ላይ ሲረጭ ፎስጅን፣ ማለትም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀውን ጋዝ፣ መፍጠሩ እየታወቀ ሄደ፤ ከገበያ እስኪወጣ ግን አሥርት ዓመታት ፈጀ።

ተተኪው ሃሎን ሆነ። ሃሎን 1301 እና 1211 የሚባሉት ሁለቱም በሞለኪውላቸው ውስጥ ብሮሚን አላቸው። ብሮሚን ነበልባል ውስጥ ሲገባ የሃይድሮጂን አቶሙን ይይዛል፣ ጉዳት ወደሌለው ሞለኪውል ይለውጠዋል፣ ከዚያ ነፃ ሆኖ ሌላውን ለመያዝ ይመለሳል። አንዱ ብሮሚን ይህን ደጋግሞ ስለሚሠራ ከክፍሉ አየር አምስት በመቶ የሚያህል ሃሎን 1301 ብቻ እሳት ያጠፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚፈልገው ሲሶ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይገርማል። ሰውም በዚያ መጠን ውስጥ ለአጭር ጊዜ መተንፈስ ይችላል። አውሮፕላን፣ ታንክ፣ የኮምፒውተር ክፍል ሁሉ ሃሎን ተገጠመለት።

ነገር ግን በነበልባል ውስጥ ደጋግሞ የሚሠራው ብሮሚን በላይኛው ከባቢ አየርም ደጋግሞ ይሠራል። እዚያ የሚያጠፋው የኦዞንን ሽፋን ነው። ሃሎን 1301 ኦዞንን በመጉዳት የማቀዝቀዣ ጋዝ ከነበረው ሲኤፍሲ 11 አሥር እጥፍ ይበልጣል። የሞንትሪያል ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈረመ፤ የበለፀጉት ሀገራት በ1994 መባቻ አዲስ ሃሎን ማምረት አቆሙ፣ ታዳጊዎቹም በ2010። ማጥፊያውን ድንቅ ያደረገው ባሕርይና ጥፋት ያመጣበት ባሕርይ አንድ መሆኑ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ካነበብኩት ሁሉ በልቤ የቀረ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡትም በእረፍት አልኖሩም። ኤፍኤም 200 በሚል ስም የሚሸጠው ጋዝ ብሮሚን የለውም፣ ኦዞን አይነካም፤ በዋናነት ሙቀት በመጠጣት ይሠራል። ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በሦስት ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚበልጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ በተደረሰው የሞንትሪያል ስምምነት ማሻሻያ ምርቱ እየቀነሰ እንዲሄድ ተወሰነ። እሱን ይተካል የተባለው ኖቬክ 1230 በቀናት ውስጥ በፀሐይ የሚበተን ነው፤ ሆኖም አምራቹ ኩባንያ ስሪ ኤም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ፒፋስ የሚባሉትን የፍሎሪን ኬሚካሎች በሙሉ ማምረት አቆማለሁ ሲል እሱንም አብሮ ተወው።

አረፋውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ስሪ ኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያበጁት አረፋ፣ የውሃን የገጽ ውጥረት እስከ ሩብ ድረስ ዝቅ በማድረግ ከቤንዚን በላይ እንደ ስስ ቆዳ እንዲዘረጋ ያደርገዋል። ነዳጁ መትነን ያቆማል፤ እሳቱ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1967 ፎረስታል በተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ 134 ሰዎች ካለቁ በኋላ መስፋፋቱ ተፋጠነ። በዚያ አደጋ አንዱ ቡድን ያነጠፈውን የድሮ አረፋ ሌላው ቡድን በውሃ እያጠበ ነዳጁን መልሶ ገልጦታል፤ ኬሚካሉን አለማወቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ እዚህ ላይ ማየት ይቻላል። አዲሱ አረፋ ብዙ ነፍስ አድኗል። ሆኖም የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር በተፈጥሮ ስለማይበጠስ ኬሚካሉ በአፈር፣ በጉድጓድ ውሃና በሰው ደም ውስጥ ሲቀመጥ ተገኘ። ፒፎስ የተባለው ዋናው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ፒፎአ በ2019 ተከተለ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ አየር ማረፊያዎቻችንና የነዳጅ ዴፖዎቻችን ያላቸው አረፋ የትኛው ትውልድ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለልምምድ ተብሎ መሬት ላይ መረጨቱም መቆም አለበት።

ይህ ሁሉ ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር ምን ያገናኘዋል? በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ የቆመ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በጅራቱ አካባቢ እሳት ተነሣበት። መንገደኛ አልነበረበትም፤ የተጎዳ ሰውም የለም። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት መነሻው ዋናው ባትሪ አልነበረም፤ አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ የሚያሳውቀው ትንሽ መሣሪያ የያዘው የሊቲየም ባትሪ ነው። የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ተቆንጥጠው ሾርት አደረጉ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጭስ በሞላበት ካቢን ውስጥ መጀመሪያ በእጅ የሚያዝ ሃሎን ሞከሩ፤ አልሠራም። የጣሪያውን ሽፋን ገፍተው ውሃ ሲረጩበት ጠፋ። በነበልባል ላይ በሰው እጅ ከተሠሩት ሁሉ የላቀው ኬሚካል ተስኖት፣ ሥራውን የጨረሰው ውሃ መሆኑ መታወስ ያለበት ነገር ነው።

የመኪና ባትሪ ከዚያ መሣሪያ ባትሪ እጅግ ይበልጣል፤ የውስጥ አሠራሩም የተለየ ነው፣ ነገር ግን ችግሩ ያው ነው። የሊቲየም አዮን ሴል በግጭት፣ በአመራረት ጉድለት ወይም ከልክ በላይ ቻርጅ በመደረግ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ የአሉታዊውን ጫፍ የሚጠብቀው ስስ ሽፋን መፍረስ ይጀምራል፤ መፍረሱም ሙቀት ያወጣል። 130 ዲግሪ ገደማ ላይ ሁለቱን ጫፎች የሚለየው ስስ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ሴሉ በውስጡ ሾርት ያደርጋል። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ ኒኬልና ኮባልት ያለበት አዎንታዊ ጫፍ ኦክስጅን መልቀቅ ይጀምራል። ሃይድሮጂን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና መርዛማው የሃይድሮጂን ፍሎራይድ ጋዝ ይወጣሉ። ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሴል ይተላለፋል፤ እሱም በተራው ይነሣል።

እስካሁን ያየናቸውን ኬሚካሎች እንግዲህ በዚህ ላይ እንፈትናቸው። ዱቄቱ ከባትሪው የሚወጣውን ጋዝ ነበልባል ያጠፋዋል፤ ሴሎቹ ግን በብረት ሣጥን ተዘግተው ከመኪናው ሆድ ሥር ስላሉ አይደርስባቸውም፤ ቢደርስባቸውም አያቀዘቅዝም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውጭውን አየር ቢከለክል ሴሉ የሚያሞቀውን ሂደት ከውስጡ ይዞታል። ለሚነድ ብረት የተዘጋጀው የጨው ወይም የግራፋይት ዱቄትም አይሆንም፤ በሊቲየም አዮን ሴል ውስጥ እንደ ብረት የሚነድ ሊቲየም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነበልባሉን አጥፍቶ ሴሉን እንደጋለ መተው እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ እንደሚዳፍኑት ነው፤ ጠዋት ሲገልጡት ይገኛል። ልዩነቱ ባትሪው ገላጭ አያስፈልገውም፤ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ራሱ ይነሣል።

የሚቀረው ውሃ ነው፤ ግን ብዙ ውሃ። አንዳንድ አምራቾች ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ባዘጋጁት መመሪያ ለአንድ መኪና ከአሥር ሺህ ሊትር በላይ ሊያስፈልግ እንደሚችል ይገልጻሉ። ውሃውም ከሥር፣ ወደ ባትሪው ሣጥን መድረስ አለበት። ቨርሚኩላይት የተባለውን ማዕድን በውሃ በጥብጠው የሚሠሩ አዳዲስ ማጥፊያዎች አሉ፤ ውሃው ሲተንን ማዕድኑ በሴሎቹ ላይ ሙቀት የማያስተላልፍ ቆዳ ይሠራል። ለስልክ፣ ለላፕቶፕና ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ተስፋ ሰጪ ናቸው። በሰው እጅ የሚያዝ ሲሊንደር የመኪና ባትሪ ያቆማል ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠመዎት ግን አይመኑት።

ፍርሃት መዝራት አልፈልግም። በስዊድን የተሰበሰቡ መረጃዎች የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከነዳጅ መኪናዎች ያነሰ ጊዜ እንደሚቃጠሉ ያሳያሉ። የመኪና አምራቹ ቢ.ዋይ.ዲ. በስፋት የሚጠቀምበት የብረት ፎስፌት ባትሪም ኦክስጅኑን አጥብቆ ስለሚይዝ ከኒኬሉ ይልቅ በከፍተኛ ሙቀት ነው የሚነሣው። በተዘጋ ቦታ ግን እሱም የራሱ አደጋ አለው፤ የሚለቀው ጋዝ ብዙ ሃይድሮጂን ስላለበት ሳይነድ ተጠራቅሞ ሊፈነዳ ይችላል። ከሕንፃ ሥር ባሉ የመኪና ማቆሚያዎች ቻርጅ ማድረጊያ እየተገጠመ ባለበት ጊዜ ይህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

የዱቄቷ ሲሊንደር ስለዚህ ከመኪናው አትውጣ። መቀመጫ፣ ጎማ፣ የውስጥ ፕላስቲክ ወይም ሽቦ ሲነድ ባትሪው ከመያዙ በፊት ታተርፋለች፤ እንዲህ የሚጀምር የመኪና እሳትም አለ። ነገር ግን ሹፌሩ ወሰኗን ማወቅ አለበት። ከወለሉ ሥር ነጭ ወይም ጥቁር ጭስ፣ የፉጨት ወይም የመፈንዳት ድምፅ ከመጣ ጊዜው የማጥፋት አይደለም፤ መኪናውን ማቆም፣ ሰው ማውረድ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መራቅና አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ 939 ላይ መደወል ነው። ይህ በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ውስጥ መግባት ይገባዋል። ለሚኒባስ ሹፌሮችና ረዳቶች ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ፤ እነሱ የያዙት የሰው ነፍስ ነውና።

መንግሥት ደግሞ መኪናውን ሲያስገባ ማጥፊያውን ለብቻው መተው አይችልም። ዓመታዊው ምርመራ ከጌጅ ያለፈ እንዲሆን፣ ማለትም የዱቄቱ ዓይነት፣ የተሞላበት ቀንና የመጨረሻው ፍተሻ እንዲታይ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አስመጪዎች ለእያንዳንዱ ሞዴል የባትሪውን ዓይነትና ከፍተኛ ቮልቴጁ የሚቋረጥበትን ቦታ የሚያሳይ የአደጋ መመሪያ በአማርኛ ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች እንዲያስረክቡ ማስገደድም ይቻላል፤ አምራቾቹ በሌላ ቋንቋ አስቀድመው አዘጋጅተውታል። ውሃው ግን ገንዘብ ይጠይቃል። አንድ ባትሪ የቦቴ ሙሉ ውሃ ከፈለገ፣ በጠባብ ሰፈርና ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የመንገድ ላይ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃዎች የት የት እንዳሉና የትኞቹ እንደሚሠሩ መታወቅ ይኖርበታል።

ከዚያም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ያለው ጉዳይ አለ። የአሜሪካ መመሪያዎች ባትሪው የተቃጠለ መኪና ቢያንስ 15 ሜትር ከሕንፃም ከሌላ መኪናም ርቆ በገላጣ ቦታ እንዲቆም ያዛሉ፤ እንደገና ሊነሣ ስለሚችል። እኛ ጋ የተጎዳ መኪና የሚወሰደው ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ነው፤ ሁለቱም ቦታ መኪና ከመኪና ተጠጋግቶ የሚቆምባቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን መኪና የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚረከበው፣ የት እንደሚያቆመውና ለስንት ቀን እንደሚጠብቀው በመመሪያ ተወስኖ መቀመጥ ያለበት የመጀመሪያው ትልቅ አደጋ ከመድረሱ በፊት ነው።